የጣና ዳር አምባር

ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰሞን ተማሪዎቻችንን ይዘን ወደ ባሕር ዳር ተጉዘን ነበር። ዐስርን ሰግደን ወደ ጣና ዳር ስንወርድ የደንገል ታንኳዎች እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማዋ ይቀዝፉ ነበር።

በዚህ ሙያ የሚታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ወንዶቹ ደንገሉን አጭደውና አድርቀው፣ ጠፍረው ታንኳ ያደርጉታል፤ ሴቶቹ ቅርጫት ይሠሩበታል። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም በአዲስ ይተካል። ወይጦዎች ሙስሊሞች ናቸው። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ድሮ ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ጎረቤት ንቀት ደርሶባቸዋል። አደኑ ቀርቷል፤ ንቀቱ ግን ጨርሶ አልጠፋም።

ከሐይቁ ዳር አንዲት እናት ቅርጫት ይሠራሉ። አጠገባቸው ልጃቸው የሽቦና የዶቃ አምባር ዘርግታ ትሸጣለች። ተማሪዎቻችን አምባሩን ወደዱት። እኛም ዋጋውን ስንሰማ «ለሽቦና ለዶቃ ይህን ያህል?» ብለን በግማሽ እንድትሰጠን ጠየቅናት። ልጅቷ አልተቆጣችም። ፒንሳውን ዘረጋችልንና «ኡስታዝ፣ እስቲ አንዱን ይሥሩት» አለችን።

ተቀመጥን። በመጀመሪያ ሽቦው በቆርቆሮ ጣሳ ላይ ሦስት ዙር ተጠምጥሞ ቅርጹን ይይዛል። ከዚያ አንዱ ጫፍ ዶቃው እንዳያመልጥ በፒንሳ ይቆለመማል። ዶቃው በየቀለሙ ተራ እየጠበቀ ይሰካል። በመጨረሻ ሌላው ጫፍ እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሲነገር ቀላል ነው። እኛ ግን ጫፉን አሥሬ ስናጥፍና ስናቃና ሽቦው ደርቆ ተሰበረ፤ ዶቃውም አሸዋው ላይ ተበተነ። ተማሪዎቹ ሳቁ። ልጅቷ አንድ በአንድ ለቅማ እንደገና አስጀመረችን። መግሪብ ሲቃረብ አንድ ጠማማ አምባር ወጣልን።

አላህ (ሱ.ወ) ለዳውድ (ዐ.ሰ) ብረትን እንዳገራላቸውና የጥሩር ቀለበቶችን መጥነው እንዲሠሩ እንዳዘዛቸው በሱረቱ ሰበእ ተነግሯል። ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበርም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ይህን በመድረሳ በየዓመቱ እናስተምራለን። ሆኖም ባለሙያዋ ፊታችን ተቀምጣ ድካሟን በግማሽ ዋጋ ልንወስድ ተከራከርን። አፈርን። ይቅርታ ጠይቀን የተባልነውን ሙሉ ዋጋ ከፈልን፤ እናቷም መርቀው ሸኙን።

ቤት ስንገባ ጠማማውን አምባር ለልጃችን ሰጠናት። «አባዬ፣ ይኼ ለምን ተጣመመ?» ብላ ጠየቀች። እውነቱን ነገርናት።

ውድ አንባብያን፣ ወደ ባሕር ዳር ብትሄዱ ከልጆቻችሁ ጋር ወደ ሐይቁ ዳር ውረዱ። ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት እጆቹ ሲሠሩ ጥቂት ተመልከቱ። ብትችሉ ፒንሳውን ተቀብላችሁ ሞክሩት።