ማስያዣ

ማስታወቂያውን ያየሁት ባለፈው ክረምት፣ በምሳ ሰዓት፣ የገንዘብ መክፈያ መስኮቴን ዘግቼ በተቀመጥሁበት ነው። አንድ የሰብአዊ ርዳታ ድርጅት የሥነ ምግብ ፖሊሲ ባለሙያ ይፈልጋል። የትምህርት ደረጃ፦ በሥነ ምግብ ወይም በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ አምስት ዓመት። እኔ ያለኝ በኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዲግሪና የሰው ገንዘብ ስቆጥር ያለፉ አሥራ አንድ ዓመታት ናቸው። ይሁንና የመጨረሻዋ መስመር ያዘችኝ፤ «አመልካቾች ይህን ሥራ ለምን እንደፈለጉ በአንድ ገጽ ያስረዱ» ትላለች። ለዚህ ጥያቄ ከማንም የተሻለ መልስ ያለኝ መሰለኝ።

መልሴ ወንድሜ ነበር። በ1977 ዓ.ም.፣ እኔ ከመወለዴ አራት ዓመት በፊት፣ እናቴ ልጆቿን ይዛ ወደ ኮረም መጠለያ ሄደች፤ ነርሶቹ እህቴን ተቀብለው ወንድሜን መለሱት፤ እርሱም ሞተ። እኔ የማውቀው ይህን ነበር። ማንም አስቀምጦ አልነገረኝም፤ ከየለቅሶ ቤቱ ወሬ ቃርሜ ያጠራቀምሁት ነው። በዚያው ዘመን መቀሌ ላይ ክሌር በርትሺንገር የተባለች የቀይ መስቀል ነርስ ከብዙ ሕፃናት መካከል ጥቂቶችን ብቻ እየመረጠች ለማስገባት እንደተገደደች ደግሞ አንብቤአለሁ። ሁለቱን አገጣጥሜ ግጥም ጻፍሁ። በወንድሜ ላይ የተቀሰረች የአንዲት ነርስ ጣት ነበረችበት። ደሴ ላይ በአንድ የግጥም ምሽት አነበብሁት፤ ተጨበጨበልኝ።

ለማመልከቻው ስዘጋጅ ሁለት ሳምንት ሌሊት ሌሊት አነበብሁ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 38 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። መንግሥት ሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ገብቷል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የምግብና ሥርዓተ ምግብ ፖሊሲ ወጣ። የክንድ መለኪያዋን ጥብጣብም አወቅኋት፤ ዙሪያው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ክንድ ቀዩ ላይ ይወድቃል።

ከዚያ በኋላ ነው እብጠቱን ያነበብሁት። ጥብጣቧ የማትይዘው ረሃብ አለ። የሕፃኑ ፊት ይሞላል፣ እግሩ ይወፍራል፤ ያየው ሁሉ ፋፋ ይላል። ሁለቱን እግሮች በአውራ ጣት ለሦስት ሴኮንድ ያህል ተጭነው ሲለቁት ጎድጉዶ ከቀረ ግን ሕፃኑ በብርቱ ታሟል። ሲስሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1935 ዛሬ ጋና ከምንላት አገር የበሽታውን ስም ለዓለም አስተዋወቀች። ክዋሺዮርኮር ይባላል፤ በጋ ቋንቋ፣ ታናሹ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። እኔም ለቃሉ ውበት ተደንቄ ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርሁት። ከዚያ ያለፈ ነገር አልታሰበኝም።

ደብዳቤውን ልጀምር ስል እጄ ተያዘ። በባንክ ሥራ ማንም ሰው የሌላውን ንብረት ያለ ባለቤቱ ፊርማ በማስያዣነት ማቅረብ አይችልም። ሐዘኑ የእናቴ ነው፤ ሥራ ፈላጊው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወልድያ ሄድሁ።

ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። አቦሉን ከጠጣን በኋላ፣ «እማዬ፣ ለሥራ በማስገባው ደብዳቤ ላይ የወንድሜን ነገር ልጽፈው ነበር» አልኋት።

«ምን ብለህ?»

«ኮረም ላይ እንደመለሱት።»

ጀበናውን አስቀመጠች። «ማን መለሰው? እሱ መች ኮረም ሄደና!»

ቀጠለች። «መንገዱን ሁለት ልጅ ይዤ አልችለውም ነበር። እህትህ አጥንቷ ተቆጥሮ ነበር። እሱ ግን ፊቱ ሞልቶ፣ እግሩ ወፍሮ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይሄስ ደህና ነው አለኝ። ለእናቴ ሰጥቼው እሷን አዝዬ ወጣሁ። ስመለስ መቃብሩን አሳዩኝ።»

ያ የወፈረ እግር ምን እንደነበር ከሁለት ቀን በፊት አንብቤአለሁ። ላለመናገር ወሰንሁ። ቶናው እስኪቀዳ አንገቴን ደፍቼ ቆየሁ።

«እብጠት መሆኑን አውቄአለሁ» አለች፣ ሳልጠይቃት። «የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ እናቶችን ሰብስባ የአንድ ሕፃን እግር በአውራ ጣቷ ተጭና አሳየችን። ጣቷን ስታነሳ ጎድጎድ ብሎ ቀረ። ያን ቀን አወቅሁ። ዐሥር ዓመት ያልፈዋል።»

«ለእህቴ ነግረሻታል?»

«ምን ብላ ትኑር? እሷ እኮ በሱ ፋንታ የታዘለች ናት።»

በረካውን ዝም ብለን ጠጣን። ስነሣ፣ «የኔን ነገር ተወው፤ ያቺ ልጅ ያሳየችንን ጻፍ» አለችኝ።

እንዳለችው አደረግሁ። በዩኒቨርሲቲ የአማርትያ ሴንን መጽሐፍ ስንማር፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ወቅት እህል ከወሎ እየተጫነ ይወጣ እንደነበር፣ ሰው ያለቀውም የመግዣ አቅም በማጣቱ ጭምር እንደሆነ ተምረናል። በደብዳቤዬ ላይ ዕውቀትም እንደዚያ እህል ነው ብዬ ጻፍሁ። የእብጠቱ ነገር በሐኪሞች መጽሐፍ ከሰፈረ በ1977 ዓ.ም. ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ከአንዲት የወሎ እናት ደጃፍ ግን አልደረሰም። ያደረሰችው በየቤቱ የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የፖሊሲ ባለሙያ ብሆን የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህች ሴት ስንት ቤት ትደርሳለች የሚል እንደሚሆን ገልጬ ፈረምሁ። ወንድሜን አላነሣሁም።

ለፈተና አልተጠራሁም። ሁለተኛ ዲግሪ ይላል ማስታወቂያው፤ ቅር አላለኝም።

በጥምቀት እናቴ ለእህቴ ራሷ ነገረቻት። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም። በማግስቱ እህቴ ደወለችልኝ። ድምፅዋ የሻከረ ነበር። «ያን ግጥም እንግዲህ ምን ልታደርገው ነው?» አለች።

ባንክ ውስጥ የተበላሸ ደረሰኝ ተቀድዶ አይጣልም፤ «ተሰርዟል» ተብሎ ከጥራዙ ጋር ይቀመጣል። ግጥሙንም እንደዚያው አድርጌዋለሁ። እነሆ ይህን ደግሞ በምትኩ ጻፍሁ። እናቴ አስነብባ ሰምታዋለች፤ እህቴ አንብባዋለች። ሁለቱም ፈቅደውልኛል።