አንድ ምሽት በከዚራ

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው መንገድ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሆኖም በዚህ አጭር ጉዞ መንገደኛው ሁለት አየር ይለውጣል። ከሐረር ሲነሣ የለበሰውን ሹራብ ሐረማያን አልፎ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲጀምር ያወልቃል፤ ድሬዳዋ ሲደርስ ደግሞ እጅጌውን ይጠቀልላል። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛም እንዲሁ እያደረግን ወረድን። እኛ ስንል አንድ ወታደር፣ ባለቤቱና የስድስት ዓመት ወንድ ልጃቸው ማለታችን ነው።

አባወራችን ከዓመት በላይ በግዳጅ ላይ ቆይቶ ከተመለሰ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ በየደብዳቤውና በየስልኩ ስንባባለው የቆየነው አንድ ነገር ነበር፦ «ስንገናኝ ድሬ ወርደን ውጭ እራት እንበላለን።» ቀኑ ሲደርስ ግን ሁለታችንም አመነታን። እማወራዋ «ቤት ውስጥ ሽሮ እያለ?» አለች። ማደሪያችን የሆነው የታላቅ እኅቷ ቤትም ቅሬታ አላጣውም፤ «ቤቴን ንቃችሁ ነው ሆቴል የምትሄዱት?» ተባልን።

ማመንታቱ በእኛ አልተጀመረም። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ፣ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ለመኳንንቱ እንግዳ ነገር ሆኖባቸው እንደ ነበር ይተረካል። እንግዳን በነፃ ማብላት ክብር በሆነበት አገር፣ ለእንጀራ ሒሳብ መክፈል ነውር ቢመስል አያስደንቅም።

ድሬዳዋ ግን በዚህ ረገድ ቀድማ የሠለጠነች ከተማ ናት። የምድር ባቡሩ ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው እስከ ሐረር ነበር፤ ተራራው ስላስቸገረ ከግርጌው ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረችውም ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላም፣ በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ፣ ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ነበር ዋና ከተማው የሚደርሰው። ያ ሁሉ እንግዳ መብላትና ማደር ነበረበት። ሱማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ከተማ ሲኖሩ፣ ከቤት ውጭ ተቀምጦ መብላት ለድሬ ሰው የዕለት ልማድ ሆነ። ዛሬ፣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛ የሚያመላልሰው የኤሌክትሪክ ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ይሄዳል፤ ልማዱ ግን ከአሮጌው ጣቢያ አካባቢ አልለቀቀም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከመጋላ በኩል በባጃጅ ተነሥተን የደቻቱን ድልድይ ተሻገርን። ልጃችን ወደ ታች ተመልክቶ «ውኃ የሌለበት ድልድይ ለምን ሠሩ?» ሲል ጠየቀ። አሸዋው ደረቅ ሆኖ ይታይ እንጂ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው መውሰዱን ነገርነው። «ሲመጣ ድንገት ነው የሚመጣው» አለው አባቱ። ከዚያ በኋላ ከዚራ እስክንደርስ ዝም አለ።

ከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሉት፣ ዛፎች የሚያጠልሉት ሠፈር ነው። የገባንበት ምግብ ቤት ከአሮጌዎቹ ግቢዎች በአንዱ ውስጥ በአዲስ መልክ የተሠራ ነው። ከውጭ በኩል ባለ ቀለም አምፖል በዛፎቹ ላይ ተዘርግቷል፤ ከውስጥ ባንኮኒው፣ የቡናው ማሽንና ኳስ የሚያሳየው ቴሌቪዥን ይታያሉ። ለቤተሰብ የተለየው ቦታ በረንዳው ላይ ነው። አስተናጋጁ ጎልማሳ ሰው ነበር፤ እንደ ድሬ ሰው ልማድ «አንቱ» ማለት አላበዛም። «አቦ፣ ቤተሰብ ነው! ግቡ፣ ግቡ!» ብሎ ተቀበለን።

አባወራው ሳያስበው ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበሩ የሚሰጠውን ወንበር መረጠ። እማወራዋም ሳታስበው፣ የእጅ ውኃ ሲመጣ ማስታጠቢያውን ልትቀበል ከወንበሯ ብድግ አለች። አስተናጋጁ ሳቀና «ተቀመጪ እኅቴ፣ ዛሬ ሥራው የኔ ነው» አላት። ተቀመጠች፤ እጆቿን የምታሳርፍበት ግን ያጣች ትመስል ነበር።

የምግብ ዝርዝሩ ቀረበ። ጥብስ፣ ክትፎ፣ ሩዝ በሥጋ፣ ፓስታ፣ ዓሣ ጉላሽ፣ ፒዛና በርገር ሳይቀር ተጽፏል። እማወራዋ ያነበበችው ከቀኝ ወደ ግራ ነበር፤ ዋጋውን አስቀድማ፣ የምግቡን ስም አስከትላ። «በዚህ ብር እኮ ቤት ሦስት ቀን ይበላበታል» አለች በሹክሹክታ። የያዝነው ገንዘብ በፖስታ ውስጥ ተለክቶ የመጣ ስለ ነበር ብዙ አልተከራከርንም። ለሁለታችን አንድ ጥብስ በእንጀራ፣ ለልጁ ሩዝ፣ አንድ አምቦ ውኃና አንድ ሐረር ቢራ አዘዝን። ይህ ቢራ በ1976 ዓ.ም. ከተሠራው የሐረር ፋብሪካ የሚወጣ የጎረቤት ምርት ስለሆነ፣ ሐረር ለሚኖር ሰው ድሬ ላይም ከቤቱ የራቀ አያስመስለውም።

ጥብሱ እየጨሰ ቀረበ። የዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነውም ከዚህ በኋላ ያየነው ነው። እማወራዋ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ቀና ስትል የአባወራው ወገን ባዶ ሆኖ ነበር። እጁን አብሶ በሩን ይመለከታል።

«ማን ይነጥቅሃል?» አለችው።

«እዚያ የዘገየ ሰው ሳይበላ ይነሣል» አላት። ይቀልድ መስሏት ነበር፤ ፊቱን ስታይ ግን እንዳልቀለደ ገባት።

ጥቂት ዝም ብላ «ሦስት ሳምንት ሙሉ ምግቤ ያልጣመህ መስሎኝ ነበር» አለች። አባወራው ደነገጠ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ቤት ውስጥ እሷ ወጡን ታወጣለች፣ እንጀራ ትጨምራለች፣ ውኃ ትቀዳለች፤ ለመቀመጥ ስትደርስ እሱ ጨርሶ ተነሥቷል። ስለዚህ ባሏ እንዴት እንደሚበላ አንድም ቀን አላየችም፤ ያየችው የተነሣበትን ወንበር ብቻ ነው። እሱም በበኩሉ ቶሎ ተነሥቶ ቦታ መልቀቁ ሥራ የሚያቀልላት ይመስለው ነበር። ሁለታችን እኩል ተቀምጠን በአንድ ጊዜ መብላት የጀመርነው በዚያች በረንዳ ላይ፣ ሌላ ሰው እያስተናገደን ነው።

«እዚያ የዘገየ ሳይበላ ይነሣል» አለች እማወራዋ ቀስ ብላ፤ «እዚህ ግን ቶሎ የጨረሰ ብቻውን ይቀራል።»

አባወራው መልስ አልሰጠም። ከእሷ ወገን ከቀረው ጥብስ በእንጀራ ጠቅልሎ አጎረሳት። ጉርሻ አንድ ስለማይሆን ሁለተኛውን አስከተለ። ሦስተኛውን ልጃችን ቀማ።

በዚህ መካከል ልጁ ባጃጆቹን ማየት ስለፈለገ የአባቱን ወንበር ጠየቀ። አባወራው በሩን፣ ከዚያም ልጁን ተመለከተና ቦታ ተለዋወጡ። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ሲቀመጥ ከተመለሰ ወዲህ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ጥቂት ቆይቶ ከባንኮኒው በኩል ብርጭቆ ወድቆ ሲሰበር ከወንበሩ ግማሽ ድረስ ተነሣ። እማወራዋ እጇን በእጁ ላይ አሳረፈች። «ብርጭቆ ነው» አለችው። ዞር ብሎ አላየም፤ ተቀመጠ። ከዚያ ሻይ አዘዝን፤ አንዷን ብርጭቆ ሻይ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። የተነጋገርነው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጁ ትምህርት ቤትና ደብዳቤ ስላልጻፍንባቸው ወራት ነበር። ሒሳባችንን ከፍለን፣ ለአስተናጋጁም የእሱን ጉርሻ ትተን ስንወጣ የምሽቱ ነፋስ ቀዝቀዝ ብሏል።

ይህን የጻፍነው በየሳምንቱ ሆቴል ግቡ ለማለት አይደለም፤ የወታደር ደመወዝ እንዴት እንደሚብቃቃ እኛም እናውቀዋለን። ለሚሄዱ ግን ጥቂት ምክር አለን። ገንዘቡ በየወሩ ጥቂት በጥቂቱ ይቀመጥ፤ ተለክቶም ይያዝ። ዋጋ አስቀድሞ ማየት አያሳፍርም። የሚጠጣው መጠን ከቤት ሳይወጣ በስምምነት ይወሰን፤ ሁለተኛው ቢራ ሦስተኛውን ይጠራልና።

መሄድ ለማይችሉም የከዚራው ትምህርት ያለ ገንዘብ ይገኛል። በሳምንት አንድ ቀን፣ እንጀራውም ወጡም ውኃውም አንድ ላይ ቀርቦ፣ እማወራዋ ከሁሉ አስቀድማ ትቀመጥ፤ የጎደለ ነገር ቢኖር የሚነሣው አባወራው ይሁን። ከግዳጅ የተመለሰ ሰው በሩን ከፍቶ በገባ ዕለት ሙሉ በሙሉ ቤቱ ገብቷል ብለን ስናስብ ቆይተናል። አሁን እንደሚመስለን ግን፣ ከልጁና ከሚስቱ ጋር እኩል ጀምሮ እኩል መጨረስ ሲችል ነው የሚገባው።

በማግሥቱ የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ሹራባችንን መልሰን ለበስን። እሑድ ማታ ቤታችን ሽሮ ነበር፤ አባወራው ለመጨረስ ከወትሮው ሦስት እጥፍ ጊዜ ወሰደበት። ሁለት ጊዜም ውኃ ሊቀዳ ተነሣ።