ታንጎችን በአንድ ታንክ ማኖር፦ ማን ከማን ጋር ይስማማል?

ዕቃ ልትወስዱ ናይሮቢ ቤታችን የመጣችሁ ሁሉ ቡናው ሳይቀርብ የምትጠይቁን አንድ ነገር ነው፤ «ይሄን ዓሣ ትበሉታላችሁ ወይ?» አንበላውም። ሁለተኛው ጥያቄያችሁ ግን ከበድ ይላል፤ «እኛስ ቤት ብናደርገው?» በተለይ ልጆች ያሏችሁ በስልክም ስትጠይቁን ቆይታችኋል። መልሱ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ጻፍነው።

እኛ ሁለት እህትማማቾች ነን። አንዳችን ከሞያሌ መስመር በርበሬ፣ ሽሮና የሀበሻ ልብስ ስናመጣ፣ አንዳችን ናይሮቢ ሆነን እንሸጣለን፣ ልጆችም እናሳድጋለን። ታንኩ የገባው ለልጆቹ ተብሎ ነው። አሁን ግን ማታ ደብተር ስንዘጋ ፊቱ የምንቀመጠው እኛው ነን።

መጀመሪያ ሂሳቡ

ኮሜርስ ስንማር የመጀመሪያው ትምህርት የመነሻ ወጪና የየወሩን ወጪ ለይቶ መጻፍ ነበር። ለጨው ውኃ ዓሣም የሚያስፈልገው እሱ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያየው መነሻውን ብቻ ነውና።

የእኛ ታንክ ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱም 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ሲባዛ 648 ሊትር ይሆናል። የባሕር ውኃ ከተራ ውኃ ስለሚከብድ አፍ እስከ ገደፉ ቢሞላ ውኃው ብቻ ወደ 660 ኪሎ ይመዝናል፤ መስታወቱ፣ ድንጋዩና ጠረጴዛው ሳይቆጠር። ስለዚህ ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከዓሣው በፊት አከራዩን ጠይቁ። በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይገባል፤ ለመጀመሪያው ሙሌት ብቻ ከ22 ኪሎ በላይ ማለት ነው። የወጥ ጨው አይሆንም፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አሥረኛውን እንቀይራለን። 65 ሊትር ውኃና ከ2 ኪሎ በላይ ጨው ይፈልጋል።

ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሐምሌ ሌሊት ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ውኃው ግን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ መቆየት ስላለበት ማሞቂያ ግድ ነው። ከፍታው ሌላም ነገር አለው። አየሩ ሲሳሳ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ታንግ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚዋኝ ዓሣ ነው፤ ኦክስጅን ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ የሚነሳ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ሳትይዙ አትጀምሩ። አዲስ አበባ ላላችሁማ ከፍታው ስለሚብስ ነገሩ ይጠብቃል።

ታንግ ማነው?

ታንግ የሚባሉት ከ80 የሚበልጡ ዓይነቶች ያሉት አንድ ቤተሰብ ናቸው። በእንግሊዝኛ ሰርጅን ፊሽ፣ የቀዶ ሐኪም ዓሣ ማለት ነው፣ ይሏቸዋል። ምክንያቱም ጅራታቸው ሥር ግራና ቀኝ እንደ ሰንጢ የተሳለ እሾህ አላቸው። ሲጣሉ ጅራታቸውን ወደ ጠላት ጎን ይወረውራሉ። አንድ ጊዜ ከሳተ ማስፈራሪያ ነው፤ ካገኘ ቅርፊት ይገፋል፣ ክንፍ ይቀዳል። በመረብ ስትይዟቸው እጃችሁንም ጠብቁ።

ለገዢ የሚጠቅመው ግን በቅርጽ መለየት ነው። ዜብራሶማ የሚባሉት እንደ ሳህን ክብና ቀጭን ናቸው፤ ክንፋቸው እንደ ሸራ ይዘረጋል። ስኮፓስ፣ ሴይልፊን፣ የሎ ታንግና ፐርፕል ታንግ እዚህ ውስጥ ናቸው። አካንቱረስ የሚባሉት ሞላላ ናቸው፤ ፓውደር ብሉ፣ ክላውን ታንግና ሶሃል እዚህ ይገባሉ። ክቴኖኬተስ ወይም ብሪስልቱዝ የሚባሉት ጥርሳቸው እንደ ብሩሽ ሆኖ ድንጋይ ላይ ያለውን ስስ አልጌና ደለል ይጠርጋሉ። ናሶዎቹ ረጃጅሞችና ትልልቆች ስለሆኑ ለሳሎን ታንክ አንመክራቸውም። ሪጋል ብሉ ለብቻው ነው፤ ከእሱ ወገን ሌላ ዓይነት የለም። ልጆቻችሁ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው ፊልም «ዶሪ» ብለው የሚያውቁት እሱ ነው። ሱቅ ውስጥ አውራ ጣት ያክላል፤ ሲያድግ ግን ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

የሚጣሉት በምን ነው?

ታንጎች በአብዛኛው አልጌ በሊታዎች ናቸው። ሥጋ በሊታ ዓሣ ሌላውን የሚያባርረው ሊበላው ነው፤ ታንግ ግን የሚያባርረው ግጦሹን ስለሚሻማው ነው። ስለዚህ ጠላቱ የሚመስለው ነው። ያው ቅርጽ፣ ያው ቀለም፣ ያው አፍ ያለው ዓሣ ያንኑ ድንጋይ ይግጣል። እኛ ይሄን ለማስረዳት ሩቅ አንሄድም። በርበሬ ሻጭና ጫማ ሻጭ ደጅ ለደጅ ቢሆኑ ዝርዝር ገንዘብ ይበዳደራሉ፤ ሁለት በርበሬ ሻጮች ሲሆኑ ግን ዓይን ለዓይን መተያየቱም ያስቸግራል።

ባሕር ውስጥም እንዲሁ ነው። ክላውን ታንግ ሪፉ ጫፍ ላይ የራሱን የአልጌ መሬት ይዞ የመጣውን ሁሉ ያባርራል። ኮንቪክት የሚባለው ባለ ጥቁር መስመር ታንግ ብቻውን ቢመጣ ወዲያው ይባረራል። በመቶ ሆነው ሲመጡ ግን ባለመሬቱ የትኛውን አባርሮ የትኛውን ይተዋል? እሱ አንዱን ሲያሳድድ ሌሎቹ ይግጣሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው። ይሁን እንጂ ሳሎን ውስጥ መቶ ማስገባት አይቻልም፤ የሚባረረውም የሚሸሽበት ሌላ ሪፍ የለውም። ባሕር ላይ በሁለት ሜትር ሽሽት የሚያልቅ ጠብ ታንክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይቀጥላል።

ከዚህ ተነስተን የምንከተለው ደንብ ይሄ ነው። ከአንድ ቅርጽ አንድ ብቻ። ረጋ ያለው ቀድሞ ይገባል፣ ኃይለኛው መጨረሻ፤ ቀድሞ የገባ ታንኩን ሁሉ የራሱ ያደርገዋልና። የሚመሳሰሉ ሁለት ማስገባት ግድ ከሆነ ባንድ ቀን አብረው ይግቡ፤ ማንም ባለቤት ሳይሆን። የሚበላውም በአንድ ቦታ አይሰጥም። ሱሺ የሚጠቀለልበትን ኖሪ፣ ጨውና ዘይት ያልነካውን፣ በሦስት ማዕዘን እንሰቅላለን። ጉልበተኛ ሦስት ቦታ ባንድ ጊዜ ሊቆም አይችልም።

በዚሁ ደንብ መጀመሪያ ብሪስልቱዝ፣ ቀጥሎ ሪጋል ብሉ፣ በመጨረሻ ስኮፓስ አስገባን። ሦስቱም ከኬንያ ባሕር ዳርቻ የሚገኙ ናቸው፤ ከሞምባሳ ኦክስጅን በተሞላ ከረጢትና በስታይሮፎም ሳጥን በአውሮፕላን መጡ። ስኮፓስ ለሦስት ቀን ክንፉን እየዘረጋ ዞረ፣ ከዚያ ተረጋጋ። ከዓመት በላይ በሰላም ኖሩ።

በዕዳ የመጣው ፓውደር ብሉ

ከደንበኞቻችን አንዱ ቤቱን ዘግቶ ወደ ገልፍ ሊሄድ ሲል 30,000 ሽልንግ ዕዳ ነበረበት። ጥሬ ገንዘብ አልነበረውም። ፓውደር ብሉ ታንጉን ከነመብራቱና ከነፊልተሩ በዕዳው ውሰዱልኝ አለ። መብራቱና ፊልተሩ ብቻቸውን ዕዳውን ይቀርቡ ነበር፤ ዓሣውን ካልወሰድነው ደግሞ የሚወስደው አልነበረም። ተቀበልን።

ያላየው ሰው ቀለሙን በቃል አይረዳውም። ገላው የጠራ ሰማያዊ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ጀርባው ላይ ያለው ክንፍ ቢጫ ነው። ትልቁ ልጃችን «ንጉሥ» አለው። አራት ሳምንት በለይቶ ማቆያ ታንክ አቆየነው። ይሄን ማንም አይዝለል። ፓውደር ብሉ ነጭ ነጠብጣብ በሚባለው በሽታ ቶሎ ይያዛል፤ በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተውሳክ ከዓሣው ላይ ወርዶ ድንጋይ ላይ ይፈለፈላል፣ ተመልሶም በብዛት ይመጣል። ነጠብጣቡ ጠፋ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። በመዳብ የሚሠራው መድኃኒት ደግሞ ኮራልና ሽሪምፕ ስለሚገድል ዋናው ታንክ ውስጥ አይጨመርም።

ልጁ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ውኃውን የሚለካው፣ ኖሪውን የሚቆርጠው እሱ ነበር። ከዚያ ዓሣውን በዋናው ታንክ ውስጥ ቀዳዳ ባለው ግልጽ ሳጥን አሥር ቀን አስቀመጥነው፤ እንዲተያዩ ግን እንዳይነካኩ። ድንጋዮቹን አዟዟርን፣ መብራት አጥፍተን ለቀቅነው።

በሁለተኛው ቀን ሪጋል ብሉን ያዘው። እሱም ሰማያዊ ነውና። መስታወቱ ላይ ከውጭ መስተዋት ለጠፍን፤ ከራሱ ምስል ጋር ሲጣላ ይውልና ሲደክመው ወደ ሪጋሉ ይመለሳል። በሳምንቱ የሪጋሉ ጅራት ተቀደደ፣ ሆዱ ጎደጎደ፤ ከድንጋይ ኋላ ወጥቶ መብላት ተወ። ያልበላ ታንግ ብዙ አይቆይም።

ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። አንዳችን «ሪጋሉ ይውጣ፤ ፓውደሩ የ30,000 ሽልንግ ዕዳ ነው» አልን። አንዳችን «ዕዳው በመብራቱ ተከፍሏል» አልን። ትልቁ ልጅ አልቅሶ «ንጉሥን እኔ ነኝ ያዳንኩት» አለ። ትንሿ ልጃችን ደግሞ የዶሪን ስም እየጠራች አኮረፈች። ሁሉም እውነት ነበረው።

ለመፍረድ ሪጋሉን ለሦስት ቀን ወደ ሳጥኑ አወጣነው። ፓውደር ብሉ በማግሥቱ ወደ ስኮፓስ ዞረ። ያኔ ነገሩ ለሁላችን ግልጽ ሆነ። ሪጋሉን ብናስወጣ ቀጥሎ ስኮፓስን፣ ከዚያ ብሪስልቱዙን እናስወጣለን። የጠበበው ከአንዱ ጋር አብሮ መኖር ብቻ ሳይሆን ቦታው ራሱ ነበር። የወጣ ገንዘብ ደግሞ ወጥቷል፤ ነገ ማን እንደሚኖር የሚወስነው እሱ አይደለም። ይህንን በኮሜርስ ትምህርት አውቀነዋል፤ ልጅ እያለቀሰ ደብተር ላይ መጻፉ ግን ሌላ ነው።

ባለ ሦስት ሜትር ታንክ ያለው፣ ሌላ አካንቱረስ የሌለው ሰው አገኘን። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ዓሣው ድንጋይ ሥር ሲተኛ በሳጥን ያዝነው። የያዘውም፣ አጅቦ ያደረሰውም ትልቁ ልጅ ነው። ሰውዬው ገንዘብ ሊሰጥ ሲል አንድ ባልዲ ጨው ተቀበልንና ደብተር ላይ አሰፈርን። ልጁ ለሁለት ሳምንት ያህል ወደ ታንካችን አልቀረበም። በሦስተኛው ሳምንት ሪጋሉ ወጥቶ ከእጁ ኖሪ ሲበላ፣ ምንም ሳይናገር ውኃውን ለካ።

ከመግዛታችሁ በፊት

ጅቡቲ፣ ጂዳና ዱባይ ያላችሁ ፐርፕል ታንግና ሶሃል ታያላችሁ። ሁለቱም የቀይ ባሕር ልጆች ናቸው፤ ውበታቸው ያስጎመጃል። ሶሃል ግን ወደ 40 ሴንቲ ሜትር የሚያድግ፣ ከታንጎች ሁሉ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ለቤት ታንክ አይሆንም እንላለን። ፐርፕልም ቢሆን መጨረሻ ይግባ፣ ሌላ ዜብራሶማም አይኑር። የሎ ታንግ ዱሮ በብዛት የሚመጣው ከሃዋይ ነበር። በ2021 (እ.ኤ.አ.) እዚያ በፍርድ ቤት ውሳኔ ለንግድ ማጥመዱ ሲቆም ዋጋው ሰማይ ወጣ። አሁን በእርባታ የተገኘ ይሸጣል፤ ሲገኝ እሱን ምረጡ።

ሻጭ «ሁሉም ይስማማሉ» ቢላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ሲያድግ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሆናል? ቅርጹ ከየትኛው ዓሣዬ ጋር አንድ ነው? ፊቴ ኖሪ ይበላልኛል? ሦስተኛውን በዓይናችሁ ካላያችሁ ገንዘብ አታውጡ። አንድ አራተኛ ጥያቄ ለራሳችሁ አስቀምጡ፤ ባይስማማ ማን ይቀበለኛል? የሚቀበለውን ሰው ስልክ ሳትይዙ አትግዙ።

ታንካችን ውስጥ ዛሬ ሦስት ታንጎች አሉ። እንግዳ ሁሉ «አንድ ይጨመርበት እንጂ፣ ቦታ አለው» ይለናል። ያ ባዶ የሚመስለው ቦታ ሪጋሉ ሲባረር የሚሸሽበት፣ ስኮፓስም የሚዞርበት ነው። አንሞላውም።