ካርቱም ለማን ደረሰች?

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ጧት ከቤትህ ስትወጣ የየትኛውን አገር ወሬ ሰምተህ ወጣህ? መልሱን ለራስህ ያዘውና እኔ የደረሰብኝን ላጫውትህ።

በ2016 ዓ.ም. አንድ ቀን ተማሪዎቼ ከእንግሊዝኛ ጋዜጦች፣ ከስልካቸውም ቢሆን፣ አንዳንድ የውጭ አገር ወሬ ገልብጠው እንዲያመጡ አዘዝኋቸው። በማግሥቱ ሲነበብ የሦስቱ ልጆች ጽሑፍ ቃል በቃል አንድ ሆኖ ተገኘ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እርስ በርሳቸው የተገለባበጡ መስሎት ነበር። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም፤ ጋዜጦቹ ሦስት ቢሆኑም ወሬውን ያገኙት ሁሉም ከሮይተርስ ነበር።

ላስተምር ያሰብሁት ይህንኑ ነበርና ደስ ብሎኝ ታሪኩን ጀመርሁ። እ.ኤ.አ. በ1870 የፓሪሱ ሀቫስ፣ የበርሊኑ ቮልፍና የለንደኑ ሮይተር ዓለምን እንደ ርስት ተከፋፈሉ። እንግሊዝ የምትገዛው አገርና ሩቅ ምሥራቅ ለሮይተር፣ ፈረንሳይና ቅኝ ግዛቶቿ ለሀቫስ፣ ጀርመንና ሰሜን አውሮፓ ለቮልፍ ደረሰ፤ አንዱም በሌላው ድንበር ገብቶ ወሬ እንዳይሸጥ ተዋዋሉ። ውሉ ከፈረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሆኖም በየአገሩ ወሬ ጠባቂ ማኖር ብዙ ገንዘብ ስለሚፈጅ፣ አብዛኛው ጋዜጣ የውጭ ወሬውን ከሮይተርስ፣ ከአሶሺዬትድ ፕሬስና ከአዣንስ ፍራንስ ፕሬስ መግዛቱን አልተወም። ሻጭ ደግሞ የደንበኛውን ምርጫ ያያል።

ይህን ስናገር ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አነሣች።

«መምህር፣ ካርቱምስ ለማን ደረሰች?»

አባቷ በካርቱም ሹፌር ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ እርሷና እናቷ በመተማ በኩል አገራቸው ገቡ፤ እርሱ ቀረ።

የምመልሰው አጣሁ። በዚያች ጧት የእንግሊዝን የእግር ኳስ ውጤት ከነግብ አግቢዎቹ ስም አውቅ ነበር፤ ዓባያችን ከነጩ ዓባይ ስለሚገናኝበት ከተማ ግን አንዲት መስመር አላነበብሁም። የስልኬ ጥፋት ነው እንዳልል፣ ስልኬ የሚያቀርብልኝ እኔው የምከፍተውን ነው። ዓለም በሉላዊነት አንድ መንደር ሆነች ይባላል። እኔ ባደግሁበት መንደር የእድር ጥሩምባ ነፊው ለቅሶ ሲኖር የማንንም በር አይዘልም ነበር።

ይህ ነገር በእኛም ደርሷል። በ1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ስለ ረኃቡ ለዓለም ቢጮኽም ሰሚው ጥቂት ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣውን ፊልም ሲያሳይ ግን ያው ዓለም ደነገጠ። ረኃቡ ያው ረኃብ ነበር፤ የተለየው ለንደን ማየቷ ነው። እርዳታው መጣ፤ የአገራችንም ስም ለብዙ ዘመን ከዚያ ፊልም ጋራ ተጣብቆ ቀረ።

በሳምንቱ ልጅቱ ስልኳን ይዛ መጣች። ስልክ ወደ ክፍል ማግባት ክልክል ነው፤ ያን ቀን ግን አላየሁም። የአባቷ ጎረቤት በዓረብኛ የላከው የድምፅ መልእክት ነበርና እየተረጐመች አሰማችን። በሰፈሩ ውሃ ከጠፋ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል፤ ዳቦ ቤቱ ተከፍቷል፤ አባቷ እግሩን ታሟል እንጂ አለ።

በጥቁር ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጻፍሁ፤ ከሥሩም «የውጭ አገር ወሬ፤ ካርቱም» አልሁና ጠመኔውን ሰጠኋት። የቀረውን እርሷ ጻፈችው።