ሥራ የማቆም መብት

ካይዘን ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው የጸዳ ወለል፣ በቀለም የተሰመረ መተላለፊያና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ ነው። መለስ ዜናዊ ጃፓኖችን እገዛ ጠይቀው፣ ዘዴው በጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ አምስቱን ማዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ እያለ በቃሉ የሚወጣቸው ሠራተኛ ብዙ ነው። ጥሩ ነገር ነው። መፍቻ ፍለጋ ግማሽ ሰዓት የሚባክንበት ጋራዥ ያየ ሰው ጥቅሙን አይክድም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዘዴው ቅርፊቱን ይዘን አስኳሉን መተዋችን ነው። አስኳሉ፣ ሠራተኛ ችግር ሲያይ ሥራውን የማቆም መብቱ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሽመና ነው። ጃፓናዊው የፈጠራ ሰው ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ያወጣው የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ ራሱ ቀጥ ይል ነበር። ይህን የማያውቅ ማሽን ክሩ ተበጥሶም መሸመኑን አይተውም፤ ሰው እስኪደርስበት የተበላሸ ጨርቅ ይጠቀልላል። መቆም የሚያውቀው ማሽን ግን የቅርብ ጠባቂ አያሻውም፤ አንድ ሠራተኛ ብዙውን ማሽን ይይዛል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔም እንዲሁ ነው፤ ድር ሲበጠስበት መወርወሪያውን አኑሮ ክሩን ይቋጥራል። ጋቢው የገዛ ሥራው ነውና ማንንም አያስፈቅድም።

የቶዮታው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ ይህንኑ ሐሳብ መኪና ፋብሪካ ውስጥ አስገባው። በመስመሩ ዳር ገመድ ተዘረጋ። ብሎን አልገባ ያለው ሠራተኛ ገመዱን ሲስብ መብራት ይበራል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ የቡድን መሪው ፈጥኖ ይደርሳል። መኪናው ያን የሥራ ቦታ ሳያልፍ ከተስተካከለ መስመሩ ይቀጥላል፤ ካልሆነ ሁሉም ቀጥ ይላል። የሚጠየቀው «ማን አበላሸው?» አይደለም፣ «ለምን ተበላሸ?» ነው። አንዱ ለምን ሲመለስ ሌላ ለምን ይከተላል፤ እስከ አምስት ይዘልቃል።

«ይሄ የጃፓን ባህል ነው፣ እኛ ጋ አይሠራም» የሚል ብዙ ሰው ሰምቻለሁ። እስቲ ካሊፎርኒያ ፍሪሞንትን እንይ። ጄኔራል ሞተርስ እዚያ የነበረውን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 ዘጋው፤ ከአምስት ሠራተኛ አንዱ ከሥራ የሚቀርበት፣ ሠራተኛና አለቃ የሚናከሱበት ቤት ነበር። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ኑሚ ተብሎ ተከፈተ። አብዛኛው ሠራተኛ ያው የድሮው፣ የሠራተኛ ማኅበሩም ያው የድሮው ነበር። የቡድን መሪዎቹ ጃፓን ሄደው ሠለጠኑ፣ ገመዱም ተዘረጋ። ብዙም ሳይቆይ የሚቀረው ሰው እፍኝ የማይሞላ ሆነ፤ መኪናዎቹም በጥራት የጃፓኖቹን የሚጠጉ ሆኑ። ጄኔራል ሞተርስ ይህንኑ ቫን ናይስ በነበረው ፋብሪካው ሲሞክረው ግን አልያዘለትም። አለቆቹ የሚመዘኑት በሚወጣው መኪና ብዛት ስለነበር መስመሩ እንዲቆም አልፈለጉም። ገመድ መስቀል ቀላል ነው፤ ሳቢውን አለመቆጣት ነው ከባዱ።

አንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኮሌታ የምትሰፋ ልጅ ነበረች። የማሽኗ ክር ላልቶ ስፌቱ ከሥር ይንጠለጠላል። አውቃለች። ጣቷን በስፌቱ ሥር አሳልፋ ዳበሰችው፣ ቀና ብላ ሱፐርቫይዘሩን አየችው፣ መልሳ አጎነበሰችና መስፋቷን ቀጠለች። የሰዓቱ ታርጌት ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። መካኒክ ብትጠራ እሱን የምትጠብቅበት ጊዜ በእሷ ላይ ይቆጠራል። ማታ የጥራት ተቆጣጣሪው (ኪውሲ) ሲያየው ልብሱ በካርቶን ተመለሰ፤ ተተርትሮ እንደገና ተሰፋ፣ ኦቨርታይም ተከፈለበት። በዕለቱ ሪፖርት ላይ ግን ማሽኗ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልቆመም፤ ታርጌቱም ሞልቷል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እዚህ ቤት በሽታውን እንድትደብቅ ያደረጋት ደንቡ ነው። «ሠራተኛው ግድ የለውም» እያልን ስንማረር እሰማለሁ፤ እሷ ግን ከሁላችንም ቀድማ በጣቷ አውቃዋለች። የስድስት ሰዓት ኪሳራ የሆነው ነገር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ሁለተኛ ሥልጠናና ሁለተኛ ባነር ይህን አይፈቱትም።

ለባለቤቶችም አዝናለሁ። የባንክ ዕዳ አለ፣ የመርከብ ቀን አለ፣ መብራት ይጠፋል። ሠራተኛው እንዲያቆም ሲፈቀድለት መጀመሪያ ላይ ምርቱ ይቀንሳል፤ ተደብቆ የኖረው ችግር በአንድ ጊዜ ይወጣልና። ያን ጊዜ ታግሶ ማለፍ ጥሬ ገንዘብና ድፍረት ይጠይቃል። ቢሆንም በአንድ ላይን ብቻ መጀመር ይቻላል፦ የማቆሚያው ጊዜ ከልጅቷ ታርጌት ላይ ይነሳ፣ ሱፐርቫይዘሩም ፈጥኖ በመድረሱ ይመዘን።

ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ፣ እናንተ ጋ «ይቁም» ያለ ሠራተኛ ቀጥሎ ምን ይደርስበታል? ሱፐርቫይዘሮችም፣ ሠራተኞችም፣ የድርጅት ስም ሳትጠቅሱ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።