ብር መንገድ አይሆንም



እገሌ ፍርድ ቤት ሄደ ሲባል ብዙዎቻችን የምንጠይቀው “ስንት ብር ተፈረደለት?” ብለን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ዳኛ ከገንዘብ ውጭ ስለሚሰጣቸው ትእዛዞችም ይናገራል። እኛ ቤት ይህ የታወቀው በችግር ቀን ነው።

በ2009 ዓ.ም. አንድ ጎረቤታችን፣ እናታችን ከሠላሳ ዓመት በላይ የወጡበትንና የገቡበትን መተላለፊያ በቆርቆሮ አጠረው። ለገበያም ለሐኪምም በሰው ግቢ መለመን ግድ ሆነ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ጎረቤታችንም “ለመንገዱ ገንዘብ ልክፈላቸው” አለ። እናታችን (አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው) “ልጆቼ፣ ጀናዛዬን በብሩ ላይ ልታወጡት ነው?” አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘብ ያነሣ አልነበረም።

ሕግ የሚያውቅ ዘመዳችን የመከረን “ሁከት ይወገድልን” የሚባለውን ክስ ነበር። በቁጥር 1149 መሠረት ይዞታው የተነጠቀ ወይም ሁከት የተፈጠረበት ሰው ነገሩ እንዲመለስለት ወይም ሁከቱ እንዲቆምለት ይጠይቃል፤ ኪሣራ ካለውም አብሮ ማቅረብ አይከለከልም። ተከሳሹ ለድርጊቱ መብት እንዳለው ወዲያውኑ በማያጠራጥር ማስረጃ ካላስረዳ ዳኛው ይዞታው እንዲመለስ ያዛል። ጎረቤታችን ማስረዳት አልቻለም፤ አጥሩ ተነሣ። ሰላምታው እስኪመለስ ግን ብዙ ቆየ፤ እሱን ዳኛ አያዝም። ክሱ ሁከቱ ከተፈጠረ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳልና የሽምግልናው ቀጠሮ ሲራዘም ቀኑን መቁጠር ያሻል።

የፊቅህ ሊቃውንትም በግፍ የተወሰደ ንብረት እስካለ ድረስ ራሱ ይመለሳል፣ ወደ ምትኩ የሚኬደው ሲጠፋ ነው ይላሉ። ቁጥር 2118ም ያላግባብ የተወሰደው ነገር ከነፍሬው እንዲመለስ ለማዘዝ ለዳኛ ሥልጣን ይሰጣል።

ጉዳቱ ገና ካልደረሰስ? ቁጥር 2121 ድርጊቱ እንዳይፈጸም መከልከልን ይፈቅዳል። ነገር ግን ለሥጋት ሁሉ አይሰጥም፤ ድርጊቱ ሊፈጸም መሆኑ በበቂ ምክንያት መታመን አለበት፣ ጉዳቱም በገንዘብ የማይካስ መሆን አለበት። ክርክር ላይ ያለ የውርስ ቤት ከወራሾቹ አንዱ ሊሸጠው ሲነሣም የ1958ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 154 ጊዜያዊ እግድ ያውቃል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ስሟ በሐሰት የጠፋ እኅት ጉዳይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለኅሊና ጉዳት ከ1,000 ብር በላይ እንዳይፈረድ ወስኗል። ዛሬ ይህ ብር ምን እንደሚገዛ አስቤዛ የሚሸምት ያውቀዋል። ቁጥር 2120 ግን ስም አጥፊው በራሱ ወጪ ሐሰቱን የሚያፈርስ ማስታወቂያ እንዲወጣ ዳኛው ሊያዝ እንደሚችል ይናገራል። ለትዳር የታጨች ልጅ ያላቸው ወላጆች ከሺው ብር ይልቅ ይህን አስቀድመው ቢጠይቁ እንመርጣለን።