በረንዳ ያጣ ዓመት

ጳጉሜ ሲገባ ነጋዴ ሒሳቡን ይዘጋል። እኔም የመንደራችንን የአሰቦትን የግንባታ ሒሳብ ልዘጋ ብነሣ፣ ገቢው ብሎኬት፣ ወጪው ጥላ ሆነብኝ።

እዚህ አርክቴክቱም መሐንዲሱም ግንበኛው ነው። ባለቤቱ «እስከዚህ ይሁን» ብሎ በእግሩ ይረግጣል፤ ሲባጎ ይወጠራል፤ ቤት ተጀመረ ማለት ነው። አገሩ ግን ፕላን የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። የአካባቢያችንን ከተማ ጭሮን፣ የያኔዋን አሰበ ተፈሪን፣ የቆረቆሯት ሩሲያ የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። «ፋቡላ» የተሰኘውን ቲያትር የጻፉት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው፣ ጭሮ ያለችበትን ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ ለሌላው አርአያ ሊያደርጉት ተነሥተው ነበር።

የእኛ መንደር ጌታ ደግሞ ባቡር ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ በእኛ በኩል አልፏል። ፈረንጆቹ አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር፤ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ብትወርዱ ቤቱ በረንዳ፣ መንገዱ ዛፍ አለው። የቆላ ፀሐይ አስተምራቸዋለች መሰለኝ።

ባቡሩ ሲደክም ቤቶቻችን ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዞሩ። በ2016 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወሬው እዚህ ከደረሰ ወዲህ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ስለ ቤቱ ፊት ሆኗል ጨዋታው። አንዱ ጎረቤቴ ዘንድሮ የጭቃ ቤቱን በረንዳ በብሎኬት ዘግቶ ሱቅ አደረገው፤ ከፊቱም ሰፊ መስታወት ገጠመለት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ ከረሜላውን ስታቀልጥበት፣ ስንት ብር ያወጣበትን መስታወት በካርቶን ሸፈነው። በሱቁ ጣራ ላይ ፌሮዎቹ ለመጪው ፎቅ ተቀስረዋል፤ ፎቁ እስኪመጣ ልብስ ይሰጣባቸዋል።

ግንበኛውን «በረንዳውስ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ በረንዳ ኪራይ አያመጣም» አለኝ። እውነቱን ነው። በዚያ በረንዳ ሥር ጀበናዋን ጥዳ ቡና ትሸጥ የነበረችው ሴትም ኪራይ አትከፍልም ነበር። አሁን ጃንጥላ ይዛ አስፋልቱ ዳር ተቀምጣለች፤ ደንበኞቿም ቆመው ይጠጣሉ።

እኔ ብሎኬቱን አልጠላሁም፤ ምስጥ አይበላውም፣ በየዓመቱ ለስኑኝ አይልም። ጥላ የነፈገን ብሎኬቱ ሳይሆን ካሬ ቆጣሪነታችን ነው።

እንግዲህ ለአዲሱ ዓመት ቤት የምታስገነቡ ሁሉ፣ ሲባጎው ሳይወጠር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦታው ላይ ቁሙና ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትመታ እዩ። በረንዳውን በዚያ በኩል አስወጡት።